ዘርትሁንና አልወርድም ያለው ክኒን

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ።

ዘርትሁን የምትባል አሮጊት ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተራዋ ሲደርስ የማርያም ማኅበርን ጽዋ በገዛ እጇ ወደ ቤቷ መውሰድ። የማኅበሩ ደንብ ይኸው ነው፤ ተረኛዋ ጽዋውን ከጎረቤት ተቀብላ፣ ሳታፈስ፣ በእግሯ ትሄዳለች።

ነገር ግን አምና ደጃፏ ላይ ተንሸራታ እጇ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሐኪሟ አጥንትሽ ሳስቷል አለቻት። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ ደረቷን አቃጠላት፤ ሙዳይ ውስጥ ከተተችው።

ጎረቤቷ ስንዱ መጣች። "ዘርትሁን፣ ተራሽ ይቅርብሽ። ከነጽዋው ትወድቂያለሽ። ወደ እኔ ይለፍ" አለቻት።

"እኔ ቆሜ?" አለች ዘርትሁን። ንዴቷን ይዛ ወደ እግሯ ዞረች። "እግር፣ ተነስ፤ ጽዋዬን ልውሰድ።"

"አልነሳም። አጥንት ሳስቷል፤ እሰበራለሁ" አለ እግር።

"አጥንት፣ ጠንክር፤ እግር አልነሳም ብሏል።"

"አልጠነክርም። ክኒኑ አልደረሰኝም" አለ አጥንት።

ሙዳዩን ከፈተች። "ክኒን፣ ውረድ፤ አጥንት አልጠነክርም ብሏል፣ እግር አልነሳም ብሏል።"

"አልወርድም። ጉሮሮሽ አያሳልፈኝም" አለ ክኒን።

"ጉሮሮ፣ አሳልፍ፤ ክኒን አልወርድም ብሏል፣ አጥንት አልጠነክርም ብሏል፣ እግር አልነሳም ብሏል።"

"አላሳልፍም። በደረቁ ተለጥፎ አቃጥሎኛል። ውኃ ይሸኘው" አለ ጉሮሮ።

"ውኃ፣ ሸኘው፤ ጉሮሮ አላሳልፍም ብሏል፣ ክኒን አልወርድም ብሏል፣ አጥንት አልጠነክርም ብሏል፣ እግር አልነሳም ብሏል።"

"አልሸኝም። ሁዳዴ ነው፤ ጾሙ አልለቀቀኝም" አለ ውኃ።

ጾሙን ጠየቀች። "አልለቅም። የንስሐ አባትሽ ይፍቱኝ" አለ ጾሙ።

መምሬ ላቀው ዘንድ ሄደች። "አባ፣ ይፍቱ፤ ጾም አልለቅም ብሏል፣ ውኃ አልሸኝም ብሏል፣ ጉሮሮ አላሳልፍም ብሏል፣ ክኒን አልወርድም ብሏል፣ አጥንት አልጠነክርም ብሏል፣ እግር አልነሳም ብሏል።"

"ለታመመ ይፈታል" አሉ መምሬ። "ግን መች ነገርሽኝ? ኃጢአትሽን ሁሉ ስትነግሪኝ ጉሮሮሽን ደበቅሽኝ። ሐኪሟ አዋዋጡን ትንገርሽ፣ ያኔ እፈታለሁ።"

እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሁሉም እንቢ የሚልበት ምክንያት አለው፤ ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም የለም።

ዘርትሁን ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ቀና ሳትል ትጽፋለች። "እማማ፣ ክኒኑን ይዋጡት።"

"ያቃጥለኛል።"

"ሁሉም ያቃጥለኛል ብለው ያቆማሉ፤ ከዚያ ተሰብረው ይመጣሉ። ይዋጡት። ቀጣይ ይግባ።"

ዘርትሁን ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። "መምሬ አልፈታም ብለዋል፣ ጾም አልለቅም ብሏል፣ ውኃ አልሸኝም ብሏል፣ ጉሮሮ አላሳልፍም ብሏል፣ ክኒን አልወርድም ብሏል፣ አጥንት አልጠነክርም ብሏል፣ እግር አልነሳም ብሏል። አሁን እኔም አልነሳም። እንዴት እንደምውጠው ጠይቂኝ።"

በሩ ላይ ወረፋው አጉረመረመ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "እንዴት ነው የሚውጡት?"

"ጠዋት ከኪዳን መልስ፣ በምራቄ። ከዚያ ጋደም እላለሁ። ጾም ነዋ፣ ውኃ አይቀመስም።"

 ሐኪሟ የዘርትሁንን ጉሮሮ አስመረመረችና ክኒኑ ያቆሰለው መዳኑን አየች። "በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ነው የሚዋጠው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አይተኙም፤ ቁጭ ይላሉ ወይም ይቆማሉ። እንደገና ካቃጠለዎት አቁመው ይምጡ፤ በመርፌ የሚሰጥም አለ።"

"ይኼን አምና ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?"

ሐኪሟ ነገረች፣ መምሬ ፈቱ፣ ጾም ለቀቀ፣ ውኃ ሸኘ፣ ጉሮሮ አሳለፈ፣ ክኒን ወረደ፣ አጥንት ጠነከረ። አጥንት እንኳ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ክረምት አልፎ በጋ እስኪመጣ ፈጀበት። ከዚያ እግር ተነሳ።

ተራዋ ደረሰ። ዘርትሁን ጎብጣ፣ ቀስ ብላ፣ ጽዋውን ይዛ ሄደች። ስንዱ ጠብታ ትፈልግ ይመስል መሬት መሬት እያየች ተከተለቻት። ጠብታ አልነበረም።

ደጃፏ ስትደርስ ዘርትሁን ዞር አለች። "ስንዱ፣ አንቺስ ያን የታዘዘልሽን ክኒን የት ከተትሽው?"

ስንዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "ያቃጥለኛል" አለች።

"ግቢ" አለቻት ዘርትሁን። "ቁጭ በይና እንዴት እንደምትውጪው ንገሪኝ።"

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእኔ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተዉልኝ።