ለጤፍ የተቆፈረ ግድግዳ

ከውጭ የሚገባ ውሃ ከውስጥ በሚቀባ ኖራ ይቆማል? አንባቢ ሆይ፣ መልስህን ያዝና ስማ።

የወንድሜ ልጅ፣ አባቷ ታሞ ልኳት፣ ከአገር ቤት እኔ ዘንድ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ፣ «አክስቴ፣ አባቴም ዘመዶቹም ሁሉም አርጅተዋል፤ ለምን ይቅር አይሏቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው። ከአባቱ የወረሰው የድንጋይ ቤት ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ የታችኛው ክፍል የኋላ ግድግዳ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነበር። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ባሏ የሞተባት እህቱ ትኖር ነበር።

ክረምት በመጣ ቁጥር ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ የተቀበረውን ግድግዳ ያርሰዋል። ድንጋዩም ቅዝቃዜውን እስከ ጥር ይዞ ይቆያል። ፍራሿ ይሻግታል፣ ደረቷን ያፍናታል። ሰውየው ግን ጳጉሜ ሲገባ ኖራ ያወርድላትና ለዘመን መለወጫ ግድግዳውን እንድትቀባ ያዛታል። በበዓሉ እንግዶች ከደረጃው አፍ ላይ ሆነው አጎንብሰው ያዩና፣ ነጭ በነጭ አደረግሽው ብለዋት ወደ ድግሱ ይመለሳሉ። ኖራው እስከ መስቀል ያበራል። ከመስቀል በኋላ እንደ እከክ ይረግፋል።

ከታች ሆና፣ ከላይ የሚረግጠውን ሰው በእርምጃው ትለይ ነበር። ከባዱ ተረከዝ የወንድሟ ነው፤ የሚጎተተው የሚስቱ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ ታውቃለች። ወደ ታች የሚወርድ እግር ግን አልነበረም። አንድ ቀን የወንድሟ ሚስት፣ ሳልሽ እንግዳ አሳቀቀብን ስላለቻት፣ ከዚያ ወዲያ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ትስል ጀመር።

በአንዱ ጳጉሜ ኖራው ሲመጣላት አልነካችውም። ወደ ላይ ወጣችና፣

«ጋሼ፣ ውሃው የሚመጣው ከውጭ ነው። ከውጭ ይቆፈርና ግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ ነገር ይልበስ» አለችው።

ወንድሟ ሳቀ። «የአባቴን ቤት መሠረት ራቁቱን አቁሜ መንደሩ ይሳቅብኝ? ደኸየ፣ ቤቱን ሊያፈርስ ነው ይበሉኝ? ደግሞ እዚያ ላይ ያለው የአባታችን ጌሾ ነው። አሮጌ ቤት ያልበዋል እኮ፤ አንቺም ሳል ለምዶብሻል።»

ኖራውን በሩ ላይ እንዳለ ተወችው። ልብሷን ጠቅልላ ወጣች፣ ሩቅ አገር ሄዳ አንዲት ክፍል ተከራየች። የት ደረሰች ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሰውየው ባዶውን ምድር ቤት ጎተራ አደረገው። የሚቀጥለው ክረምት ሲያልፍ ጤፉ ሻግቶ ተገኘ። በጋው ሲገባ ሠራተኛ ቀጠረ። ጌሾው ተነቀለ። አፈሩ እስከ መሠረቱ ተዛቀ፣ ድንጋዩን ፀሐይ መታው። ከዚያ ሬንጅ ተቀባ፣ ብርድ የሚከላከል ወፍራም ፎም ተለጠፈበት፣ ውሃው ወርዶ እንዲሄድ ጉድጓዱ በጠጠር ተሞላ። መንደርተኛው ሲያልፍ፣ ቤቱን ካባ አለበሰው ብሎ አደነቀ። የሳቀ የለም።

ዓመታት አለፉ። የሰውየው ሚስት ሞተች፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ ላይኛው ቤት ጭር አለ። ያን ጊዜ እህቱ ትዝ አለችው፤ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹም ምድር ቤቱ አጥንት ሆኖ ደርቋል፣ ነይ ይልሻል አሏት።

«ምን አስቆፈረው?» አለች።

«ጤፉ ሻገተበታ።»

«ጌሾውስ?»

«ወዲያ ተተከለ፤ ጸደቀ።»

«ሥራው ብዙ ጊዜ ፈጀ?»

«ኧረ ሳምንትም አልሞላው» አሉ፣ ደስ የሚላት መስሏቸው።

የሚጠጣ ውሃ ሰጠቻቸው። እስከ በሩ ሸኘቻቸው። በሩንም ዘጋችው።

ልጄ፣ አልኳት፣ እናንተ ይቅርታ የምትሉት ያን ኖራ ነው። እንግዳ ከደረጃው አፍ ሆኖ ሲያየኝ ነጭ እንድሆን ትፈልጋላችሁ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ይቅርታ ለይቅር ባዩ መድኃኒት ነው ይላሉ። እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ከላይኛው ቤት የሚኖር ሰው ይመስለኛል። የእኔዎቹ ባያውቁ ኖሮ በቀለለኝ። ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ ከሳምንት የማያልፍ መሆኑንም ያውቁ ነበር። የሚሻግተው እኔ ስለሆንኩ ነው አካፋ ያልተነሳው።

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «አባቴ የሚጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። ምን ልበለው?» አለችኝ።

ክፍሌን አየሁት። ግድግዳው ደረቅ ነው። ከላዬ የሚረግጥ ሰው የለም።

«እግዚአብሔር ያድነው በይው» አልኳት። «እኔ ግን እሱንም፣ ያዘዘውንም፣ የሳቀውንም፣ አጎንብሶ አይቶ የተመለሰውንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»