የአሸዋው ሰዓት ሲገለበጥ

አንድ ኤልናታን የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ዘመኑ ድሮ፣ አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ፒዩሪታን የሚባሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች ስብከትን በአሸዋ ሰዓት በሚለኩበት ጊዜ። አሸዋው ፈስሶ ሲያልቅ አንድ ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ስብከቱ የጣመው ሕዝብ «ይገለበጥ!» ይላል፤ ሰባኪውም ገልብጦ ይቀጥላል።

ቄስ ኤልናታን በወጣትነታቸው ስለ ጸሎት ግሩም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ስብከታቸውም የተወደደ ነበር። ታዲያ ከወንዙ ማዶ ሲላስ የሚባል ወጣት ሰባኪ መጣና ሕዝቡ ድልድዩን እየተሻገረ ወደ እሱ ይጎርፍ ጀመር። «እዚያ ሁለቴ ተገለበጠ» የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር ሽማግሌው ቄስ ይንገበገባሉ። እህል አልበላ አላቸው። ስብከታቸው ሁሉ ሲላስን በነገር መውጋት ሆነ፤ የእሳቸው አሸዋ ግማሽ ሳይደርስ ሰዉ ውልቅ ይላል። አይ ቅናት! ቄስ አትል፣ ምእመን አትል!

በመጨረሻ ሲላስ ያለ ፈቃድ እንደሚሰብክ ደረሱበት። ይህ በዚያ ዘመን ወህኒ ያስወርዳል። የክስ ደብዳቤ ጽፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «በጆሮዬ ሰምቼ ልመስክርበት» ብለው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የራሳቸውን ስብከት እንደጨረሱ፣ ድልድዩን ተሻግረው ሲላስ በሚሰብክበት ቤት ካባቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ።

አሸዋው አለቀ። «ይገለበጥ!» አለ ሕዝቡ። ሲላስ ሰዓቱን ገለበጠና ከአንድ ያረጀ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፦ «ስለምትጠላው ሰው ካልጸለይክ፣ ገና መጸለይ አልጀመርክም።»

ቄስ ኤልናታን ክው አሉ። የገዛ መጽሐፋቸው ነው!

አጠገባቸው ዓይናቸው የደከመ አሮጊት እንባቸውን ይጠርጋሉ። «እናቴ» አሏቸው ቄሱ በሹክሹክታ፣ «ይህን የጻፈው ሰው እኮ ከወንዙ ወዲያ ነው። ለምን ወደ እሱ አይሄዱም?»

«ሃያ ዓመት ሄጃለሁ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ የሚያናግሯቸው ቄስ ማን እንደሆኑ ሳይለዩ። «አሁን እዚያ የሚሰበከው ስለ ሲላስ ብቻ ነው። ቄስ ኤልናታንን መስማት ሲያምረኝ እዚህ እመጣለሁ።»

ቄሱ ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ቆመው ደብዳቤውን ቀዳደዱት። በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሲላስ ጸለዩ። የዚያን ቀን አሸዋው ሲያልቅ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ «ይገለበጥ!» አለ።

የሚቀና ሰው የሌላውን ከማጥፋቱ በፊት የራሱን ያጣል። ወዳጄ፣ አንተስ በሰው ሰዓት ላይ አፍጥጠህ ስትቆም የራስህ አሸዋ ምን ያህል ፈሰሰ?