አያ ጅቦና የነፋስ መጥበሻው

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መብራት አስገብተው ሰፈር መሥርተው መኖር ከጀመሩ በኋላ፣ ከተራራው ግርጌ ያሉት ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቋሙ። በየወሩ አንዱ በተራው ይደግሳል፤ ሌሎቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያልመጣውን ያማሉ። ተራው አያ ጅቦ ደጃፍ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይዘለላል። አንዴ መንገዱ ጭቃ ነው ይባላል፤ አንዴ የከርከሮ ልጅ ታሟል ይባላል። መንገዱ ደርቆ፣ የከርከሮ ልጅ ድኖ፣ አድጎ፣ አግብቶም ተራው እንደተዘለለ ነበር።

አያ ጅቦ ሞኝ ነው፤ ይህን ያህል ግን አልነበረም። በሰው ቤት ሲበላ እጁ እንደሚበዛ ያውቃል። እሱ ሲገባ እመት አህያ ወንበሯን ወደ በሩ እንደምታስጠጋም አይቷል። ያ የወንበር ድምፅ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ከጆሮው አይወጣም። አንድ ቀን ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎረቤቶቼ፣ እኔም እኮ ቤት አለኝ» አለ።

«እናውቀዋለን» አለች እመት አህያ ከበሩ አጠገብ። «የአክስቴ ልጅ ገብታበት ነበር። ስትወጣ ግን ያየ የለም።»

«እሱ በአባቴ ጊዜ ነው» አለ አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ምን ላድርግ?»

የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ አንበሶ ናቸው። ጎፈሬያቸውን ቀስ ብለው አበጠሩና ፈረዱ።

«የሚመጣው ወር ያንተ ነው። በሥርዓት አብልተህ በሥርዓት ከሸኘኸን፣ ተራህ እንደ ማንኛችንም ይቀጥላል። ካሳፈርከን ግን ስምህ ዳግመኛ አይነሣም። አህያም ትመጣለች። እኔ እያለሁ የሚነካት የለም።»

«እርስዎ ካሉ ጥሩ» አለች እመት አህያ። «ብቻ ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንዳይርባችሁ።»

አያ ጅቦ ምን እንደሚደግስ ሲያስብ ሰነበተ። ወጥ እንዳይሠራ፣ ሥጋው ድስት ሳይገባ ያልቅበታል። በመጨረሻ ሐረር ላለው አጎቱ ላከበት። ይህ አጎቱ ከግንቡ ሥር ሰዎች በእጃቸው እያጎረሱት የሚኖር ሥልጡን ጅብ ነው። አያ ጅቦ ይህን ወሬ ሲሰማ እውነት አይመስለውም ነበር። እጁን ወደ ጅብ አፍ የሚሰድ እንዴት ያለ ሰው ነው? ደግሞስ ያንን እጅ በደህና የሚመልስ እንዴት ያለ ጅብ ነው?

አጎቱ አንድ ኤር ፍራየር ከብዙ ቋሊማና ዳቦ ጋር ላከለት። ከዕቃው ጋር ቃልም ልኮ ነበር።

«ይህ ዕቃ በዘይት ሳይሆን በትኩስ ነፋስ ነው የሚጠብሰው። ቋሊማውን እንዳይፈነዳ በቢላ ጫር ጫር አድርገህ፣ ቅርጫቱ ውስጥ አራርቀህ ደርድር። ሲበስል ራሱ ይጮኻል፤ ሳይጮህ አትንካው። ዳቦውን መጨረሻ ላይ አስገብተህ አሙቀው። ከሁሉ በላይ ሆዱን አትሙላበት።»

አያ ጅቦ የመጨረሻዋን ምክር ሲሰማ ሳቀ። ሆድ አትሙላ የሚል ቃል ከጅብ አፍ ይወጣል ብሎ ስላልጠበቀ፣ አጎቴ ከተማ ገብቶ ቀልድ ለምዷል ብሎ ተዋት።

የድግሱ ቀን እመት ቀበሮ ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድማ ደረሰች። በክንዷ ሰፊ ዘንቢል አንጠልጥላለች።

«ብቻህን ነህ ብዬ ላግዝህ መጣሁ» አለችው።

አያ ጅቦ ደስ አለው። ማንም ላግዝህ ብሎት አያውቅም። ዘንቢሉ ለምን ባዶ እንደሆነ መጠየቅ ትዝ አላለውም።

ብዙም ሳይቆይ አያ አንበሶ፣ ከርከሮና ጃርት መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። እመት አህያም መጣች፤ ወንበሯንም በሩ ሥር አደረገች። አያ ጅቦ ወጥ ቤት ውስጥ ምላሱን ነክሶ ጥቂት ቋሊማ ጫረና አጎቱ እንዳለው አራርቆ ደረደረ። ቀበሮ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ? ቋሊማዎቹ ተጣልተዋል እንዴ?»

«አጎቴ አራርቅ ብሎኝ ነው።»

«አጎትህ እኛ ሰፈር አይኖርም። የኛ መብራት እንዴት እንደሆነ መች ያውቃል? ትናንት ሄዷል፤ ዛሬም አይቀርም። በየጥቂቱ ስትጠብስ ቢሄድብህ፣ ለአያ አንበሶ የበሰለ ሰጥተህ ለከርከሮ ጥሬ ልታቀርብ ነው? መብራት ሳለ ሁሉንም በአንዴ ክተትና ተገላገል።»

«ሆዱን አትሙላበት ብሏል።»

«አንተ በባዶ ሆድህ ሥራ ትሠራለህ?»

አያ ጅቦ አሰበ። አይሠራም። ማሽኑም እንደ እሱ መሆኑ ነው ብሎ አዘነለት። የቀረውን ቋሊማ ሳይጭር እፍኝ እፍኝ እያደረገ ጨመረ፤ በክርኑ ጠቀጠቀ፤ አልዘጋ ሲለው በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ማሽኑ ምጥ እንደያዛት ላም አቃሰተ።

ሽታው ሳሎን ሲደርስ እመት አህያ ጆሮዋን አቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ቋሊማው የምንድን ነው?»

«የበሬ ነው።»

«በምን እናውቃለን?»

«የላከው አጎቴ ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

«አጎትህ ማነው?»

«ጅብ ነው።»

«ጥሩ ምስክር አግኝተናል» አለች አህያ። ከርከሮ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ትንሽ ቆይቶ ሽታው ወደ ጭስ ተለወጠ። አያ ጅቦ ቅርጫቱን ሳብ ሲያደርግ ከላይ ያሉት ፈንድተው ከሰል ሆነዋል። ከሥር ያሉት ግን ጥሬ ናቸው፤ መሐል ያሉትማ ጭራሽ ቀዝቃዛ ናቸው።

«አይዞህ» አለች ቀበሮ በለሰለሰ ድምፅ፣ የዘንቢሏን አፍ እየከፈተች። «ይሄ ለእንግዳ አይቀርብም። ሳያዩት በጓሮ ወስጄ ልጣልልህ። አንተ ግባና መብራት ሄደ በላቸው።»

አያ ጅቦ ቅርጫቱን ይዞ ቆመ። ሆዱ ደግሞ ሌላ ነገር ይለዋል። ለቀበሮ ከምትሰጥ ጥሬውን ራስህ ዋጠው፤ ከዚህ በላይ አትዋረድም ይለዋል። አፉን ከፈተ። ይሄኔ ከሳሎን ያ የሚያውቀው ድምፅ ተሰማ። የእመት አህያ ወንበር ትንሽ ወደ በሩ ተንፏቀቀ።

አፉን ዘጋ።

መሐል የነበረችውን ቀዝቃዛ ቋሊማ አንሥቶ ዓይን ዓይኗን አያት። ግልገል ሳለ በክረምት ከወንድሞቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ተፋፍገው ይተኙ ነበር። እሱ ሁልጊዜ መሐል ነው። ዳር ያሉት ነፋስ ይመታቸዋል፤ እሱ ጋ ግን ነፋስ ደርሶ አያውቅም፤ ታፍኖ ያድራል። ሐሳብ ወደ አያ ጅቦ ጭንቅላት የሚመጣው በእግሩ ነው፤ ቢሆንም ይደርሳል። በነፋስ የሚጠብስ ዕቃ ነፋሱ የሚያልፍበት ካላገኘ በምን ይጠብሳል? አጎቱ እየቀለደ አልነበረም።

«እመት ቀበሮ፣ ልጣልልህ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ሁሉንም።»

«የሚጣለው ያረረው ነው» አለና ከሰል የሆኑትን አንድ በአንድ እየለቀመ ዘንቢሏን ሞላላት። «ጥሬው ገና ይበስላል። ስለ እገዛሽ እግዜር ይስጥልኝ።»

ቀበሮ ዘንቢሏን አየች፤ እሱን አየች፤ ነገር ፍለጋ ጣራውን አየች።

አያ ጅቦ በጭስ እንደ ጠቆረ ሳሎን ገባ። ሁሉም ዞረው አዩት።

«አቃጥያለሁ» አለ። «አልዋሻችሁም። የቀረውን አራርቄ በየጥቂቱ ልጠብሰው ነው፤ ትታገሡኛላችሁ። ግን አንድ ነገር አለ።» ምራቁን ዋጠ። «ከሥጋው ጋር ብቻዬን መቆየት አልችልም። ማሽኑ ሳይጮህ እከፍትና ሁሉንም እውጠዋለሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው በአያቴ ነው። እመት አህያ፣ ከእግርሽ በታች ሆኜ እለምንሻለሁ። ነይና ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቁሚ። ሳይጮህ እጄን ከሰደድኩ ርገጪኝ።»

እንግዶቹ ሁሉ ወደ እመት አህያ ዞሩ።

«በሙሉ ኃይሌ?» አለች እመት አህያ።

«በሙሉ ኃይልሽ።»

አህያ ከበሩ ተነሣች። «እንዲህ ከሆነ ደግ ድግስ ነው» አለችና ወጥ ቤት ገባች።

በዚያ ሰፈር ታሪክ አህያና ጅብ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን፣ ያውም ጅቡ ፈርቶ፣ ሲታዩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አያ ጅቦ ጫረ፣ አራርቆ ደረደረ፣ ዘጋ፣ ጠበቀ። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ቀን አወቀ። ማሽኑ ይነፍሳል፤ ጠረኑ ይመጣል፤ እጁ ሳያዘው ይነሣል። የአህያ ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ ሲል እጁ ይመለሳል። አንዴ ግን ሳይመለስ ቀረ። አህያ ቃሏን አክባሪ ናት፤ አያ ጅቦ ራሱን ከቁም ሳጥኑ ሥር አገኘው።

«አመሰግናለሁ» አለ እየተነሣ።

«ምንም አይደል» አለች፣ ዞራ ሳታይ።

ማሽኑ ጮኸ። ቋሊማው ወዝቶ፣ ቆዳው ጠበስ ብሎ ወጣ። ዳቦውን አስገብተው አሞቁት፤ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ። የመጀመሪያው ለአያ አንበሶ ሄደ። አያ አንበሶ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰብሳቢ ዓይኑን ከጨፈነ መልካም ምልክት ነው። ቀጥሎ ለከርከሮ፣ ቀጥሎ ለጃርት ወጣ። እመት ቀበሮም ዘንቢሏን ወንበር ሥር ሸሽጋ ተቀምጣ ነበርና፣ አያ ጅቦ ለእሷም እንደ ሌሎቹ ከነዳቦው ሰጣት። ለእመት አህያም ሰጣት። አህያ ዳቦውን እያጣጣመች በላችና ቋሊማውን ሳህኗ ዳር ላይ ተወችው።

በመጨረሻ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው የአያ ጅቦ ድርሻ ብቻ ሆነ። አራርቆ ደረደረው፤ ብቻውን ላለ ቋሊማ መራራቅ ባያስፈልገውም ለምዶት ነበር። ዘጋ። ማሽኑ ነፈሰ።

መብራት ሄደ።

«ብዬህ ነበር» አለች ቀበሮ ሳትጠየቅ። ተንኮለኛ ሁልጊዜ አይዋሽም፤ እውነቱን የሚናገርበትን ሰዓት ይመርጣል እንጂ።

አያ ጅቦ ቅርጫቱን ከፍቶ ጥሬ ድርሻውን አየ። እንግዶቹ ሁሉ በልተዋል፤ እሱ አልበላም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ሆድ ጩኸት ብቻ ነበር፤ እንግዳም እንደ ጨዋ ያልሰማ መሰለ።

ይሄኔ ወንበር ተንፏቀቀ። አያ ጅቦ ድምፁን አውቆ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን የእመት አህያ ወንበር የተንፏቀቀው ከበሩ ወደ እሱ ነው። አህያ ያስተረፈችውን ቋሊማ ዳቦ ውስጥ ጠቅልላ ይዛለች።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

«እመት አህያ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል።»

«እኔና አንተ ከዚህ በላይ የምንጣላው የለም። ክፈት አልኩህ።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። ጃርት እሾኋን አቆመች፤ አያ አንበሶ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አህያ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችና አጎረሰችው። አያ ጅቦ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ሐረር ያለው አጎቱ ጥርሱን ምን እንደሚያለዝበው በዚያች ቅጽበት ገባው። አህያ እጇን ስትመልስ እንደሄደ ሙሉ ነበር።

አያ አንበሶ ተቀመጡ። «ተራው ይቀጥላል» አሉ።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ እመት ቀበሮ ዘንቢሏን ረስታ የወጣች መሰለች። አያ ጅቦ ግን ደጅ ድረስ ሮጦ አስያዛት፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብሎ። እመት አህያ ከሁሉ በኋላ ወጣች። ከደጃፉ ላይ ዞር አለች።

«የሚመጣው ወር የእኔ ተራ ነው» አለችው። «እንዳትቀር። ብቻ፣ ጠግበህ ና።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያጭቅ ጥሬና ከሰል ይዞ እንደሚቀር፣ ለነፋስ ማለፊያ ትቶ መታገሥን ለለመደ ግን ጎረቤትም ወንበሩን ወደ እሱ እንደሚያስጠጋለት ነው።