ጋሪው ካልመጣ አስካለ አትበርም

ተረት አለኝ። ጆሮ ካላችሁ ስጡኝ። ረጅም ነው፤ ግን እየተመለሰ ስለሚሄድ አይጠፋባችሁም።

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ አስካለ የምትባል ጎሚስታ ነበረች። ጎማ ትፈታለች፣ ካላማዳሪያ ትለጥፋለች፣ ነፋስ ትሞላለች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም አጠገቧ ሳይቀመጥ፣ በአውሮፕላን ሐይቁን ዞራ መመለስ።

ከከተማው ጫፍ የሣር ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ የበረራ ክበብ አለ። ክበቡ ሰው ለደስታው መብረር የሚማርባት ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን አለችው። አስካለ መሪዋን ይዛለች። ተነሥታባታለች፣ ዞራባታለች፣ አርፋባታለች። ግን ሁልጊዜ አጠገቧ አስተማሪዋ ሻምበል ይገረሙ አሉ፤ ጢማቸውን ይዘው።

ብቻዬን ልነሣ ብላ ጠየቀቻቸው። ሻምበል ነገር አያበዙም።

"እጅሽ ይበራል" አሏት። "ራስሽ ግን ገና መሬት ላይ ነው። የንድፈ ሐሳቡን ፈተና እለፊ፣ እለቅሻለሁ።"

በጋውን ሙሉ አጠናች። ሕጉን፣ የአየሩን ጠባይ፣ ሞተሩን፣ አቅጣጫውን፣ ሚዛኑን። ዝም ብሎ ማጥናት አይሆንላትም፤ ጮክ ብላ እንደ ዳዊት ነው የምትደግመው። እጇ ካላማዳሪያ ይለጥፋል፣ አፏ ዳመና ይቆጥራል። ባለ ባጃጆቹ ለመዷት። ጎማ ሊያስነፉ ሲመጡ ዛሬ ከፍታችን ስንት ነው ይሏታል። እሷም ሳትስቅ ትነግራቸዋለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኟ ካፒቴን ሩሐማ በራሷ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጣች። አስካለ ከሜዳው ዳር ቆማ አንጋጠጠች። አውሮፕላኗ ሜዳውን ዞረች። ደግማ ዞረች። ከዚያ ሳታርፍ ሐይቁን ተሻግራ ሄደች።

ከሐይቁ ማዶ የራሱ ማረፊያ ያለው የአበባ እርሻ አለ። ሩሐማ እዚያ አርፋ ደወለች። ሻምበል ሰሙ፣ ስልኩን ዘጉ፣ ለአስካለ ነገሯት። ሜዳው ላይ ወፍ ተኮልኩሏል፤ ወፍ ባለበት አላርፍም ብላለች። እስከ ቀትር ትጠብቃለች። ቀትር ካለፈ ወደ አገሯ ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ከመስቀል በፊት አትመጣም። አስካለ ታዲያ እኔ ልሻገርላት አለች። እሱም አይሆንም ተባለች፤ ፈተናው የተፈቀደው በክበቡ ክፍል ብቻ ነው።

እንግዲህ ያዙልኝ። ፈታኟ ካላረፈች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሻምበል አይለቁም፤ ሻምበል ካልለቀቁ አስካለ አትበርም።

አስካለ ወደ ወፎቹ ሮጠች። አባ ኮዳ ናቸው። ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ኮረጆ የተንጠለጠለ፣ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ዕድር ዳኛ የቆሙ። ሻርፗን አወዛወዘችባቸው። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አሉ፣ አዩዋት፣ ተመልሰው ቆሙ። ምን አቆማቸው ብላ ብታይ፣ ከሜዳው ዳር፣ በሐይቁ በኩል፣ የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት ተከምሯል። እውነታቸውን ነው። ማዕድ ተዘርግቶ ማን ይሄዳል?

አንጀቱ ካልተነሣ አባ ኮዳ አይሄድም፤ አባ ኮዳ ካልሄደ ፈታኟ አታርፍም፤ ፈታኟ ካላረፈች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሻምበል አይለቁም፤ ሻምበል ካልለቀቁ አስካለ አትበርም።

ብስክሌቷን አነሣች። ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዳርቻ በረረች። በመንገድም አልቦዘነችም፤ ሕጉን ትደግማለች። ማን ለማን ቅድሚያ ይሰጣል፣ የት ይበረራል፣ የት አይበረርም። እግሯ ይገፋል፣ አፏ ይደግማል።

ጋሽ ቱፋ ዓሣ ይበልታሉ፤ ክምሩ የእሳቸው ነው። በሞቴ ይቺን አንጀት ያንሡልኝ አለቻቸው። ሽማግሌው ቢላቸውን ሳያስቀምጡ ቀና አሉ።

"በምን ላንሣው ልጄ? በጀርባዬ? የገመቹ ጋሪ በንጋት እየመጣ ወደ ቆሻሻ ጉድጓዱ ይወስደው ነበር። ዛሬ ቀረ። ጋሪውን አምጪልኝና ቢላዬን ጥዬ እጭናለሁ።"

ጋሪው ካልመጣ አንጀቱ አይነሣም፤ አንጀቱ ካልተነሣ አባ ኮዳ አይሄድም፤ አባ ኮዳ ካልሄደ ፈታኟ አታርፍም፤ ፈታኟ ካላረፈች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሻምበል አይለቁም፤ ሻምበል ካልለቀቁ አስካለ አትበርም።

አሁን ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። አስካለ ወደ ገበያው። በዚህኛው መንገድ የአየሩን ጠባይ፣ ሞተሩንና አቅጣጫውን ጨረሰች። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሕዝብ ተሰብስቧል። መሐሉ ላይ የገመቹ ጋሪ ቆሟል፣ ዱቄት ተጭኖበታል። አህያዋ እንደ ምሰሶ ተተክላለች። ገመቹ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል።

"አንተ ገመቹ፣ ጋሽ ቱፋ ይጠብቁሃል፤ ተነሥ እንጂ" አለችው።

"እኔስ በተነሣሁ። አህያዋን አስነሺልኝ። ከንጋት ጀምሮ እንቢ ብላለች።"

አህያዋ ካልሄደች ጋሪው አይመጣም፤ ጋሪው ካልመጣ አንጀቱ አይነሣም፤ አንጀቱ ካልተነሣ አባ ኮዳ አይሄድም፤ አባ ኮዳ ካልሄደ ፈታኟ አታርፍም፤ ፈታኟ ካላረፈች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሻምበል አይለቁም፤ ሻምበል ካልለቀቁ አስካለ አትበርም።

ገበያተኛው አስካለን ሲያይ ደስ አለው። አንዱ ጎማው ደህና ነው፣ አትድከሚ አላት። ሌላው አውሮፕላን ቢያጡ ጋሪ ለመዱ እንዴ አለ። አስካለ አልሰማችም። አፏ ወደ መጨረሻው ትምህርት፣ ወደ ሚዛኑ፣ ገብቶ ነበር። "ጭነት ወደ ጅራት ሲያመዝን አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ አፍንጫ ሲነሣ..."

አፏ ቆመ። ጋሪውን አየች።

ጆንያው በሙሉ ከኋላ ነው። የፊቱ ሳንቃ ባዶ ነው። ኋላው ወደ መሬት ወርዷል፤ የፊቱ ሁለት እንጨቶች ወደ ሰማይ ተነሥተዋል፤ ከአህያዋ ሆድ ሥር ያለው ጠፍር ወደ ላይ እየጎተተ ሆዷን ሰንጎ ይዟታል። ይኼን ቃል በጋውን ሙሉ ደግማዋለች፤ አንድ ቀን አይታው ግን አታውቅም። አሁን በአራት እግርና በሁለት ጎማ ፊቷ ቆመ።

ጆንያውን ወደ ፊት አምጣው አለችው ገመቹን። ገመቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱስ ያውቃል። ግን የፊቱ ቦታ የእትዬ ብርቄ ነው።

እትዬ ብርቄ የዱቄቱ ባለቤት ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ደርባባ ሴት ናቸው፤ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ጆንያ ላይ አልቀመጥም፣ የፊቱን እንዳትነኩ ብለው አስጭነዋል። ለምን አይወጡም ቢሏቸው ደግሞ፣ ገበያው እያየኝ ቆሞ የቀረ ጋሪ ላይ ተጎልቼ መሳቂያ አልሆንም አሉ። አህያዋ ትሂድ፤ ስትሄድ እወጣለሁ። አህያዋም በበኩሏ፣ ይውጡና እሄዳለሁ ያለች ትመስላለች።

እትዬ ብርቄ ካልወጡ ሚዛኑ አይስተካከልም፤ ሚዛኑ ካልተስተካከለ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች ጋሪው አይመጣም፤ ጋሪው ካልመጣ አንጀቱ አይነሣም፤ አንጀቱ ካልተነሣ አባ ኮዳ አይሄድም፤ አባ ኮዳ ካልሄደ ፈታኟ አታርፍም፤ ፈታኟ ካላረፈች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ሻምበል አይለቁም፤ ሻምበል ካልለቀቁ አስካለ አትበርም። ትንፋሼ አለቀ። የእሷም ሊያልቅ ነበር፤ ቀትር ቀርቧል፣ ጥላዋ ወደ እግሯ እየገባ ነው።

"እትዬ ብርቄ፣ ብዛቱ አይደለም፣ ቦታው ነው" አለች። "ያለ እርስዎ ይቺ ጋሪ ጅራቷ ከብዷታል። እርስዎ ከፊት ሲቀመጡ ትስተካከላለች።"

"እኔን ደግሞ ሚዛን ልታደርጊኝ አማረሽ?" አሉ እትዬ ብርቄ። ገበያው ሳቀ። እሳቸው ጥላቸውን ወደ ሌላ ትከሻ አዙረው ፊታቸውን መለሱ።

አስካለ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዘላ የፊቱ ሳንቃ ላይ ጉብ አለች።

እንጨቶቹ ዝቅ አሉ። ጠፍሩ ላላ። አህያዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አንድ ጆሮዋን አቆመች። አንድ እግሯን አነሣች። ጎማው ዞረ።

"ውረጂ" አሉ እትዬ ብርቄ። "ቦታዬ ነው።"

እሷ ወረደች፣ እሳቸው ወጡ። እንግዲህ ፍጠኑ፣ አብራችሁኝ ሩጡ።

እትዬ ብርቄ ወጡ፣ ሚዛኑ ተስተካከለ። ሚዛኑ ተስተካከለ፣ አህያዋ ሄደች። ዱቄቱ ሠርግ ቤት ተራገፈ፣ ባዶው ጋሪ እየተንጓጓ ሐይቁ ዳር መጣ። ጋሪው መጣ፣ ጋሽ ቱፋ ቢላቸውን ጣሉ፣ አንጀቱ ተነሣ። አንጀቱ ተነሣ፣ አባ ኮዳዎቹም ከጋሪው ኋላ ተሰልፈው፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሚዜ፣ በእግራቸው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ሻምበል ደወሉ። ከማዶ ሞተር ተሰማ። ቀትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ፈታኟ ሣሩ ላይ አረፈች።

አስካለ ከእነ ላቧ ለፈተናው ተቀመጠች። እጇ ላይ የብስክሌቱ ቅባት አለ። ክፍሉ ውስጥ ጮክ ማለት አይቻልም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሕጉን መለሰች፣ አየሩን መለሰች፣ ሞተሩን፣ አቅጣጫውን። ሚዛኑ ጋ ስትደርስ ከንፈሯም ቆመ። መድገም አላስፈለጋትም፤ አህያዋ ታየቻት። ጻፈች።

ሩሐማ እዚያው አረመች። ቀይ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲወርድ አስካለ ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛለች። እስክሪብቶው ከታች ደረሰ። ሩሐማ ተነሥታ እጇን ዘረጋችላት። ቅባት ነው ብላ አስካለ እጇን ሸሸገች። ሩሐማ ሳቀችና ቅባቱን ጨበጠችው።

ፈታኟ አረፈች፣ ፈተና ሆነ። ፈተና ታለፈ፣ ሻምበል ለቀቁ።

አውሮፕላኗ አጠገብ ቆመው የባዶውን ወንበር ቀበቶ በራሳቸው እጅ አሰሩ። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩዋት።

"እኔ ከባድ ነኝ" አሏት። "ያለ እኔ ቶሎ ትነሣለች። እንዳትደነግጪ።"

በሩን ዘጉ።

አስካለ ነዳጁን ሰጠች። ሣሩ ሮጠ። ገና ነው ስትል ጎማው መሬት ለቀቀ፤ አውሮፕላኗ እንደ ጥጃ ዘለለች። አልደነገጠችም። ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ የሚሰማት የለም። ሐይቁ ከሥሯ ተዘረጋ። ወደ ግራ አዘነበለች፣ ቁልቁል አየች። ጋሪው ወደ ገበያው እየተመለሰ ነው፣ አህያዋ ጣት ታህላለች። አባ ኮዳዎቹ ጉድጓዱ ዳር ነጠብጣብ ሆነዋል። ሜዳው ዳር አንድ ሰው ቆሟል፣ እጁ ጢሙ ላይ ነው፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ።

ሐይቁን ዞረች። ነፋሱን ፊት ለፊት ያዘች። ወረደች፣ ወረደች፣ ጎማው ሣሩን ነካ፣ አንድ ጊዜ ነጠረ፣ ያዘ።

አስካለ አረፈች። ተረቴም አረፈ። ቀበቶአችሁን ፍቱ፣ ውረዱ።