ክፉ የተባለው የፍቅረኞች ቀን

አንድ ዌንታኦ የሚባል ጀልባ ሠሪ በጥንቷ ቻይና፣ በአንድ ሰፊ ወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ከጠንቃቃነቱ የተነሣ አዲስ ጀልባ ውኃ ላይ ሲያወርድም ሆነ ጣራ ሲጠግን ቀኑን ሳያስጠይቅ አይጀምርም። በዚያ አገር እያንዳንዱ ቀን ለምን እንደሚበጅና ለምን እንደማይበጅ የሚናገር የዘመን መጽሐፍ አለ። ለሠርግ የሚሆነው ቀን ለመንገድ ላይሆን ይችላል፤ ለመንገድ የሚሆነው ደግሞ የቤት መሠረት ለመጣል ላይሆን ይችላል። ይህን መጽሐፍ ለከተማው ሰው የሚያነቡት መምህር ፔንግ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ።

ዌንታኦ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ሐር በመፍተል የምትተዳደር ሹላን የምትባል ልጅ ይወድ ነበር። እሷም ትወደው ነበር። አባቷ ሽማግሌው ሆንግ፣ ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። አንድ ዓመት እሳቸውም በጠና ታመው አልጋ ያዙ። ዓይናቸው ሳይከደን የልጃቸውን መታጨት ማየት እንደሚመኙ ለዌንታኦ ነገሩት። እሱም በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች ይዞ መጥቶ እንደሚያጫት ቃል ገባላቸው። ያ ቀን የፍቅረኞች በዓል ነው። በሰማይ ተለያይተው የሚኖሩ ሁለት ፍቅረኞች በዓመት አንዴ የሚገናኙት በዚያ ዕለት ነው ይባላል። ከዚያ የተሻለ ቀን ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በዓሉ ሲቃረብ ዌንታኦ እንደ ልማዱ ወደ መምህር ፔንግ ሄደ። መምህሩ መጽሐፉን ገልጠው፣ በዚህ ዓመት ያ ቀን ለማጨት እንደማይበጅ፣ ወንዝ መሻገርም እንደማይመከር ነገሩት። ዌንታኦ ደነገጠ። የፍቅረኞች በዓል እንዴት ለፍቅረኞች ክፉ ይሆናል ብሎ ጠየቃቸው። በዓሉ በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ የቀኑ ዕጣ ግን ከዓመት ዓመት እንደሚለያይ አስረዱት። እሱም በክፉ ቀን የተጀመረ ትዳር በሹላን ላይ መከራ እንዳያመጣ ፈራ። ሌላ ቀን እንዲፈልጉለት ለመናቸው። ከመኸር በኋላ የሚውል፣ እንከን የማይወጣለት ቀን አገኙለት።

በበዓሉ ዕለት ሹላን አባቷን አጥባ፣ የክት ልብሳቸውን አልብሳ፣ ወንዙን በሚያይ በር አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ጎረቤቶችም መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ አባቷን አብሯት የሚያስታምመው ወጣት ነበር። ረፋዱ ላይ ከወዲያ ማዶ አንድ ጀልባ ተሻገረ፤ ከጀልባው የወረደው ግን ዌንታኦ የላከው መልእክተኛ ነበር። ቀኑ መልካም እንዳልሆነ፣ ከመኸር በኋላ እንደሚመጣ ተናገረ። ሽማግሌው ሆንግ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። መኸሩ ሩቅ መሆን አለመሆኑን ጠየቁና ወደ አልጋቸው እንዲመልሷቸው ለመኑ።

ሩዙ ገና ሳይታጨድ አረፉ።

ዌንታኦ ቀብር ላይ ከሌሎቹ ጋር አለቀሰ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መምህር ፔንግ ሄዶ ሽማግሌው ምኞታቸውን ሳያዩ እንደሞቱ ነገራቸው። የመምህሩን ቃል ሰምቶ እንደቀረ፣ የሆነው ሁሉ በመምህሩ ምክንያት እንደሆነም ተናገረ። መምህሩ እስኪጨርስ ድረስ አዳመጡት።

«ልጄ፣ የሚሞት ሰው እየጠበቀህ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር?» አሉት።

«አልነገርኩዎትም።»

«ስለ ቀን ጠየቅኸኝ፤ ስለ ቀን መለስኩልህ። መጽሐፉ ሰውየውን አያውቃቸውም። እኔም አላውቃቸውም ነበር። የምታውቃቸው አንተ ነበርክ።»



የተመረጠው ቀን ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ወንዙም የረጋ ነበር። ዌንታኦ ተሻግሮ ሄደ። ሹላን በአገሩ ወግ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ ጓሮ ውስጥ ሐሯን ታሰጣ ነበር። ሐዘን ላይ ያለች ልጅ እንደማትታጭ ያውቃል። የመጣው ይቅርታ ሊጠይቃትና የሐዘኗ ጊዜ እስኪያልፍ እንዲጠብቃት እንድትፈቅድለት ሊለምናት ነበር። እጇን አድርቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዌንታኦ፣ አልተቀየምኩህም» አለችው። «ለእኔ ብለህ እንደፈራህ አውቃለሁ። ግን በደግ ቀን ማንም ይመጣል። እኔ የምፈልገው በክፉ ቀን የሚመጣልኝን ሰው ነው።»

ሐዘኗ ካለፈ በኋላ ሹላን አባቷን ሲያስታምም የከረመውን የጎረቤቷን ልጅ አገባች። ዌንታኦም ዘግይቶ ሌላ ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ቀን ማስጠየቁን ፈጽሞ አልተወም፤ ጀልባ ሲያወርድ አሁንም ወደ መምህሩ ይሄድ ነበር። ሰው ታመመ ሲባል ግን የጀመረውን ሥራ ጥሎ ይነሣል። ሚስቱ ነገ ትደርሳለህ ብትለው እንኳ አይሰማትም።

ጥንቃቄ መልካም ነው፤ የአባቶችን ምክር መስማትም ያስከብራል። ነገር ግን የትኛው ቀን እንደሚመች ምክር የሚሰጠን ሁሉ፣ ማን እየጠበቀን እንደሆነ አያውቅም። ክፉ ቀን ሰው ከሰው የሚርቅበት ሳይሆን ሰው የሚፈለግበት ቀን ነው። አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እኅቴ፣ የሚመች ቀን እስኪመጣ ብለን ያቆየነው ጉዳይ ማንን እያስጠበቀ ይሆን?