የተመሰገነ ዝምታ

አንዲት የሺመቤት የምትባል ነርስ ነበረች። በአንዲት ደጋ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ አጥንታቸው የተሰበረና ወገብና መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ብዙ ዘመን አገልግላለች። እጇ ቀልጣፋ፣ አነጋገሯም ለስላሳ ነበር። ወገቡ የማይታጠፍን ሰው ስታገላብጥ እንደ አራስ ልጅ ደግፋ ነው። ከእሷ እጅ ድነው የወጡ ሰዎች ገበያ ላይ ሲያገኟት አቅፈው ይስሟት ነበር።

የሺመቤት አንድ ነገር ብቻ አትወድም፤ ጩኸት። አልጋው ብዙ፣ ነርሶቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ አንዱ በሽተኛ ሲጮኽ ሌላው ሁሉ ይረበሻል ብላ ታስባለች። ስለዚህ የሚያቃስተውን በቀስታ ትገሥጻለች፤ ችሎ የሚተኛውን ደግሞ በሰው ፊት ታመሰግናለች። ክፍሏ ጸጥ ሲል ሥራዋን በደንብ የሠራች ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ቢያድግልኝ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ በቃሬዛ ተይዞ መጣ። ከተማው ዳር ካለው ተራራ ሥር ድንጋይ ሲፈልጥ አንዱ ተንሸራትቶ ቀኝ ክንዱን ሰብሮታል። ሐኪሙ አጥንቱን አቃንቶ በጀሶ አሰረለትና፣ "እጁ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ይቀመጥ። ጣቶቹን ተከታተሉ" ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። ሚስቱ ትርንጎ አብራው መጥታ ነበር። ነገር ግን ልጆቹን ለጎረቤት ጥላቸው ስለመጣች ወደ ቤቷ መመለስ ነበረባት። ስትወጣ የሺመቤትን በር ላይ አቆመቻት።

"እህቴ፣ አደራሽን" አለቻት። "እሱ አመመኝ የሚል ሰው አይደለም።"

"ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁለት" አለች የሺመቤት። ስትናገርም ከልቧ ነበር።

ከቢያድግልኝ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ዳኜ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል። የወገቡ ዲስክ ተንሸራትቶ ሕመሙ ቂጡን አልፎ እስከ እግሩ ጣት ድረስ እንደ እሳት ይወርዳል። ዳኜ ያመመውን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። ሲገላበጥ ይጮኻል፣ ሲያስነጥሰው ይጮኻል፣ ሐኪሙ ሲዘገይም ይጮኻል። የሺመቤት በዚያ ቀን ወደ እሱ ስትመላለስ ዋለች። ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደረገችለት፤ በጎኑ አስተኛችው፤ ማስታገሻ ወጋችው። በመካከል ከቢያድግልኝ አልጋ ግርጌ ቆማ ጠየቀችው።

"አንተስ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

የሺመቤት ደስ አላት። ወደ ሹፌሩ ዞራ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ "አየህ ዳኜ? ይህ ሰው አጥንቱ ለሁለት ተሰብሮ እንኳ አንድ ቃል አልወጣውም። መቻልን ከእሱ ተማር" አለችው። በሽተኞቹ ሳቁ፤ ዳኜም አፍሮ ዝም አለ። ቢያድግልኝ ፈገግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እራት ሲታደል ቢያድግልኝ ሳህኑን አልነካውም። ጋቢው እስከ አገጩ ተስቧል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። የሺመቤት ላቡንም ያልተነካውንም እራት አየች።

"ለምን አልበላህም?"

"አልራበኝም።"

"ያምሃል እንዴ?"

"ትንሽ። ይቻላል።"

ይህን ሲል ዳኜ እንደገና ጮኸ፤ የሺመቤትም ወደዚያ ሮጠች። በጀሶ የታሰረ ሰው ጣቱ መዳሰስ እንዳለበት በትምህርት ቤት ተምራለች። ጥፍሩ ጫን ተደርጎ ደም ሲመለስ መታየት አለበት፤ ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ መጠየቅ አለበት። ይህን ለሌሎች ስታስተምርም ኖራለች። ነገር ግን ደህና ነኝ ያለን ሰው ጋቢ መግለጥ የዚያን ዕለት ትርፍ ሥራ መሰላት። ተረኛዋ ነርስ ስትመጣም፣ "ሹፌሩን አደራ፣ በጣም ታሟል። ድንጋይ ጠራቢው ምንም ችግር የለበትም" ብላት ወደ ቤቷ ሄደች። ተረኛዋም የሰማችውን አምና ቢያድግልኝን አልፋው ስትሄድ አደረች።

በማግስቱ የሺመቤት ስትገባ ቢያድግልኝ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። "ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት" አለች። ሌሎቹን ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ መድኃኒት ስታድል አረፈደች። እኩለ ቀን ላይ ትርንጎ የአጃ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሚስት እንደምታደርገው፣ እጇን ከጋቢው ሥር አስገብታ የባሏን ጣቶች ያዘች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

"ለምንድን ነው እንዲህ የቀዘቀዙት?" ብላ ጠየቀች።

የሺመቤት መጥታ ጋቢውን ገለጠች። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ጥፍሩን ተጫነችው፤ ቀለሙ አልተመለሰም።

"እስኪ አንቀሳቅሰው" አለችው።

"እንቢ ብሎኛል" አለ ቢያድግልኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት እራት በፊት ጀምሮ።"

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ጀሶውን ቀደደው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ጀሶ ግን አይለጠጥም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ሥጋውንና የደም ሥሩን ወደ ውስጥ ጨፍልቆታል። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ ግን የሞተው ሥጋ ሰውየውን ይዞት እንዳይሄድ ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ "ትናንት ማታ ብንደርስበት ኖሮ እጁ ይተርፍ ነበር" አለ። ማንንም ለመውቀስ አላለውም። የሺመቤት ግን ሰማችው።

ትርንጎ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፤ ፀጉሯንም አልነጨችም። የሺመቤት አጠገቧ ስትደርስ ቀና ብላ፣ "አደራ ብዬሽ ነበር" አለቻት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የሺመቤት የቢያድግልኝን ቁስል ለማንም አልሰጠችም። ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ታሽጋለች። አንድ ቀን ፋሻውን እየጠቀለለች፣ ዐይኗን ከፋሻው ሳታነሣ ጠየቀችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

ቢያድግልኝ "ልጠራሽ ነበር" አለ። "ጀሶው ራሱን በራሱ የሚያጠብቅ መሰለኝ፤ እንደ ጉጠት። ልጠራሽ አፌን ስከፍት በሰው ፊት ያመሰገንሽኝ ትዝ አለኝ። መቻልን ከእሱ ተማር ብለሽ ለሹፌሩ ነገርሽው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልጩህ?"

"ደህና ነኝ አልከኝ እኮ።"

"እሱ ሰላምታ ነው፣ እህቴ። እንዴት ነህ ለሚል ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። መልስ አልነበረም።"

የሺመቤት ፋሻውን ጨርሳ ቋጠረች። ሳህኑንና መቀሱን ሰብስባ ወጣች። ከመድኃኒት ክፍሉ በር ኋላ ቆማ አለቀሰች። እሷ ትዕግሥት ብላ ያመሰገነችው ነገር የአንድ ሰው እጅ መሞት ነበር።

ቢያድግልኝ ቁስሉ ደርቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ለክትትል ሲመለስ የሺመቤት አላወቀችውም ነበር። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ሆኗል። የተቆረጠውን ቦታ ገልጣ አየችው። ጠባሳው ንጹሕ ነው፤ መግልም እብጠትም የለውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ "ጎሽ፣ ድኗል" ብላ ትሸኘው ነበር። አሁን ግን ዱካ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ቢያድግልኝ፣ ሰላምታ አይደለም የምጠይቅህ" አለችው። "የት ነው የሚያምህ? ቦታውን በእጅህ አሳየኝ።"

ቢያድግልኝ ግራ እጁን አንሥቶ ከባዶው እጅጌ ፊት ለፊት ያለውን አየር ጠቆመ።

"እዚህ ጋ" አለ። "የሌለችው እጄ ናት የምታመኝ። ጣቶቿ ተጨምድደው ጥፍራቸው መዳፌን ይወጋኛል። ልዘረጋቸው እሞክራለሁ፤ አይዘረጉም። ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ትርንጎ ደግሞ ጠበል እንሂድ ትላለች፤ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏታል።"

በር ላይ የቆመች ተለማማጅ ነርስ ፈገግ አለች። የሺመቤት ዞር ብላ አየቻትና ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

"አምንሃለሁ" አለች የሺመቤት። "እጅህ ተቆርጣ ብትሄድም የተሸከማት ነርቭ አልረሳትም። አእምሮህ ደህና ነው። ሕመምህም እውነተኛ ነው።"

የቀረውን ክንዱን በሞቀ ጨርቅ ይዛ በቀስታ አሸችለት፤ እንዴት ተደርጎ እንደሚጠቀለልም አሳየችው። ሐኪሙን አነጋግራ ለነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት አስጻፈችለት። በሌላ ቀን ትርንጎን አስጠርታ ማሸቱን አስተማረቻት፤ ባሏ እንዳላበደም ነገረቻት። ሕመሙ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልሄደም። ቢያድግልኝ ግን ሌሊቱን መተኛት ቻለ። ይህን ሊነግራት በመጣ ቀን ከአጠገቧ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ያን ዕለት እንዲህ ቁጭ ብለሽ ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር" አላት።

ሊያሳዝናት ብሎ አልነበረም። እውነቱን ነው የተናገረው። ስለዚህም ነው ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ልቧ ውስጥ የቀረው።

"ይቅር በለኝ" አለችው።

"እኔ ይቅር ብያለሁ" አለ ቢያድግልኝ። "እጄን ግን ዝም ላሰኛት አልቻልኩም።"

ድንጋይ መጥረቡ ቀረ። መጀመሪያ አካባቢ ወደ ተራራው ሥር እየሄደ ጓደኞቹ ሲሠሩ ያይ ነበር። ነገር ግን መዶሻ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ በሰማ ቁጥር የሌሉት ጣቶቹ ይጨመደዳሉ። መሄዱን ተወ። መሮውንና መዶሻውን ለትርንጎ ወንድም ሰጠ። እሱ በግ እያረባ፣ ትርንጎ እንጨት እየሸጠች ልጆቻቸውን አሳደጉ።

የሺመቤት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው ክፍል ሠራች። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ግርጌ ቆማ ማንንም አልጠየቀችም። ትቀመጣለች፤ ትገልጣለች፤ ትዳስሳለች። "ትንሽ ነው፣ ይቻላል" የሚላትን ሰው ከሁሉ አስቀድማ ታያለች። ማንንም ስለ ዝምታው አላመሰገነችም። ጠያቂዎች፣ "እዚህ ክፍል ጩኸት በዛ" ሲሏት፣ "ይጩኹ፤ የሚጮኸውን አውቀዋለሁ" ትላቸዋለች። በእሷ ተረኝነት ብዙ እጅና ብዙ እግር ተርፏል። ሰዎችም መልካም ነርስ ናት እያሉ ያመሰግኗታል። እሷ ግን ምስጋናውን ስትሰማ ወዲያው ትዝ የሚላት ያልተረፈው እጅ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ጥፋቱን ግን በታመመው ላይ ብቻ ጥለን እናልፋለን። ማን እንዲደብቅ አደረገው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው በግሣጼ ብቻ አይደለም አፉ የሚዘጋው፤ በምስጋናም ይዘጋል። ጎበዝ፣ ቻይ፣ ታጋሽ ብለን ስም ያወጣንለት ሰው ስሙን ላለማጣት ሲል ሥጋውን ያጣል። የሚጮኸውን መርዳት ቀላል ነው፤ ራሱ ይጠራናል። አደራ የሚፈተነው በማይጠራን ሰው ላይ ነው። ጸጸት ደግሞ ብዙ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ለሚቀጥለው ሰው ነው፤ ላለፈው አይደርስለትም።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ስለ ቻይነቱ የምታመሰግኑት ሰው ማነው? አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ የት እንደሚያመው የጠየቃችሁት መቼ ነው?