የወፎቹ አዲስ ቤት

አቶ ኃይለልዑል አፓርታማ ሊሠሩ አስበው፣ ስንት ዘመን ወፍ ያሳደረውን ትልቅ ሾላ ገና ፈቃድ ሳያገኙ አስገነደሱት። የፈቃድ ኮሚቴው ግን «ወፎቹስ የት ይግቡ?» ብሎ ያዛቸው። እሳቸውም በየበረንዳው ዛፍና የወፍ ጎጆ የተሳለበት፣ ሲያዩት ጫካ የሚመስል ዕቅድ አሠርተው ከች አሉ።

ከሾላው ሥር ችግኝ ስትሸጥ የኖረች አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አቶ ኃይለልዑል ጠሯትና፣ «ወፎቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። ከድሮው የተሻለ ቤት አገኙ ብለሽ ለኮሚቴው መስክሪ። እምቢ ካልሽ ነገ ችግኝሽን ተሸክመሽ ከዚህ ትነሻለሽ» አሏት። ሴትዮዋ መዋሸትም ቦታዋን መልቀቅም አልፈለገችም።

ኮሚቴው ሥዕሉን ዘርግቶ፣ «እስቲ ንገሪን፣ ወፎቹ ይህን ቤት ይወዱታል?» ሲል ጠየቃት።

ሥዕሉን ደህና አድርጋ አየችና፣ «ምን ጥርጥር አለው» አለች። «ጌታዬ አቶ ኃይለልዑል እንዲህ ያለ ቆንጆ ሥዕል አሳይተው ቤት ከሸጡላቸው ሰዎች መካከል፣ ይኸው በስምንት ዓመት ውስጥ ጣራው ያፈሳል ብሎ ያማረረ አንድም ሰው የለም። እስካሁን የገባ የለማ።»